ልጁ የሲጋራ ቁራጭ ዋጠ፤ ወተት እንስጠው?

የፋሲካ ማግስት ነበር። ቤቱ በእንግዳ ጢም ብሏል። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የእህቴ ልጅ ገና 11 ወሩ ነው፤ መዳህ ከጀመረ ወዲህ ወለሉ የእሱ ግዛት ሆኗል። አጎቴ ሲጋራውን ጨርሶ መተርኮሻውን ከሶፋው እግር ሥር አስቀመጠው። ጠረጴዛው በስኒና በፈንዲሻ ተይዞ ነበር። ከዚያ የሆነውን ያየ የለም። ያየነው ማሙሽ አገጩ በአመድ ጠቁሮ፣ ፊቱን አኮማትሮ ምላሱን ሲያወጣ ነው። አፉ ውስጥ የረጠበ ወረቀትና ቡናማ ትምባሆ አለ። የሲጋራው ቁራጭ ግማሹ የለም።

እናቴ «ወተት አምጡ!» አለች። አክስቴ «ያስመልሰው፣ ይውጣለት» እያለች ጣቷን ልትሰድበት ተነሳች። ጎረቤታችን ሎሚ በስኳር ይሻለዋል ባይ ናት። አጎቴ ራሱ ፊቱ አመድ መስሎ «ኧረ እናንተ፣ ቁራጭ እኮ ናት! እኔ ስንት ዓመት ሳጨስ ምን ሆንኩ?» ይላል። እህቴ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ታለቅሳለች። ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለው። የሁሉም ደግሞ ለየቅል ነው።

ልብ እንዳላንጠለጥል አስቀድሜ ልናገር፣ ማሙሽ ደህና ነው። ታክሲ ውስጥ ሁለት ጊዜ አስመለሰው፣ ገረጣ፣ ድንገተኛ ክፍል እስኪመሽ ቆየን፣ ወደ ቤት ተመለስን። ሆስፒታሉ ውስጥ ግን አንድም መድኃኒት አልሰጡትም። እናቴ አላስችል ብሏት ሲስተሯን «ታዲያ ማርከሻው የታለ?» አለቻት። ሲስተሯ ፈገግ ብላ «ማርከሻ የለውም እማማ፤ እያየነው ነው» አለች። ይህ መልስ እናቴን ጭራሽ አስቆጣት። እኔን ደግሞ ማንበብና ሐኪም ጓደኞቼን መነዝነዝ አስጀመረኝ። «እያየነው ነው» የተባለው ራሱ ሕክምናው መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከአጎቴ ክርክር እንጀምር። አንድ ሲጋራ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ገደማ ኒኮቲን አለ። የሚያጨስ ሰው ደም ውስጥ የሚገባው ግን 1 ወይም 2 ሚሊግራም ቢሆን ነው። ሌላው ይቃጠላል፣ በጭስ ይበተናል፣ ቁራጩ ውስጥ ይቀራል። ቁራጩ ከጠቅላላው ሩብ ያህሉን ይዞ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «ቁራጭ እኮ ናት» ማለት ባዶ ናት ማለት አይደለም። በዚያ ላይ አጎቴ 80 ኪሎ ነው፤ ሰውነቱም ኒኮቲንን ለምዶታል። ማሙሽ 9 ኪሎ አይሞላም፤ ለኒኮቲን እንግዳ ነው። ትንሽ ልጅን ለማቅለሽለሽና ለማስመለስ 1 ወይም 2 ሚሊግራም ይበቃል።

ታዲያ ሲጋራ የቀመሱ ልጆች ለምን አብዛኞቹ ይተርፋሉ? ሁለት ነገር ያግዛቸዋል። አንደኛው የጨጓራ አሲድ ነው። ኒኮቲን አሲድ ባለበት ቦታ በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ በደንብ የሚገባው ወደ ትንሹ አንጀት ካለፈ በኋላ ነው። ከአንጀት ያለፈውንም ጉበት ገና መንገድ ላይ ይይዘውና ብዙውን ይሰባብረዋል። ሁለተኛው ማስመለስ ነው። ኒኮቲን ራሱ አንጎል ውስጥ ያለውን የማስመለሻ ማዕከል ይነካካል፤ ልጁም የዋጠውን ሳይቆይ ይተፋዋል። አሜሪካ ውስጥ በሮድ አይላንድ ግዛት ከ1994 እስከ 1996 ሲጋራ ወይም ቁራጭ የዋጡ 146 ልጆች መዝገብ ተመርምሮ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ልጆቹ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት የሚሆኑ ናቸው። ምልክት የታየባቸው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ማስመለስ፣ መፍዘዝ፣ መገርጣት።

ይህ የሚያጽናና ነገር ነው። ግን ስለ ሲጋራ ብቻ ነው የሚነግረን። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ኒኮቲን ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ፤ ሐኪሙ የሚያደርገውም የማያደርገውም ከዚህ ይነሳል። ነርቮቻችን እርስ በርስና ከጡንቻ ጋር የሚነጋገሩበት አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል አለ። የበር መጥሪያ አድርጋችሁ አስቡት። ጫን ይደረጋል፣ ይጮኻል፣ ይለቀቃል። ኒኮቲን ይህንኑ መጥሪያ ተጭኖ አልለቅም የሚል እንግዳ ነው። መጀመሪያ ቤተሰቡ ሁሉ ይደነግጣል። ልብ ይመታል፣ ደም ግፊት ይወጣል፣ ለሃጭ ይዝረበረባል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። መጠኑ ብዙ ከሆነ ሰውነት ይንዘፈዘፋል። መጥሪያው ሲጮህ ውሎ ከተቃጠለ በኋላ ግን ዝም ይላል። ያኔ ልብ ይዘገያል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ጡንቻ ይዝላል። ጡንቻ ስንል ሳንባን የሚያስተነፍሰውንም ማለታችን ነው። በኒኮቲን የሚሞት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ትንፋሹ ደክሞ ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ ፈሳሽ ኒኮቲን ከሆነ ከዚያም ይፈጥናል። ሁለተኛው ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ይመጣል። ለዚህ ነው ሲያስመልስ የነበረ ልጅ «ተረጋጋ፣ ተኛ፣ ተመስገን» ሲባል መፍራት ያለብን። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ የተሻለው ልጅ አይደለም። የእኛም ማሙሽ ታክሲ ውስጥ ካስመለሰ በኋላ እህቴ ትከሻ ላይ ተዝለፈለፈ። እናቴ «እንቅልፉ መጣ» አለች። ያን ጊዜ ማናችንም አላወቅንም እንጂ ፍጥነት የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነበር።

አሁን ጥሩው ወሬ። ኒኮቲን ሰውነት ውስጥ ብዙ አይቆይም። ደም ውስጥ ያለው በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ጉበት እየሰባበረው በሽንት ይወጣል። ማርከሻ ባይኖረውም ራሱ ይሄዳል። ሐኪም የሚያስፈልገው እስኪሄድ ድረስ ልጁን ደግፎ ለማቆየት ነው። ትንፋሹ እንዳይቆም፣ ልቡ እንዳይከዳው፣ ያስመለሰው ነገር ወደ ሳንባው እንዳይገባ። ጨዋታው በሙሉ ይኸው ነው።

ስንት ቢውጡት ይገድላል የሚለው የራሱ ታሪክ አለው። ለመቶ ዓመት ያህል መጻሕፍቱ ሁሉ «ለአዋቂ ሰው 60 ሚሊግራም» ሲሉ ኖሩ። በዚህ ስሌት አምስት ስድስት ሲጋራ የበላ ሰው አበቃለት ማለት ነው። በኦስትሪያ የግራዝ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆነው በርንት ማየር ይህ ቁጥር አልዋጥለት አለው። ብዙ ኒኮቲን ውጠው የተረፉ ሰዎች በሕክምና መዝገብ አሉ። የቁጥሩን ምንጭ ወደ ኋላ እየተከተለ ሲሄድ፣ ነገሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ራሳቸው ላይ በሞከሩ ሰዎች አጠራጣሪ ዘገባ ላይ የቆመ ሆኖ አገኘው። አንዱ ጻፈ፣ ሌላው ገለበጠ፣ የገለበጠውን ሌላው ጠቀሰ። ማየር በ2014 ባሳተመው ጽሑፍ ለአዋቂ ገዳይ ሊሆን የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም ነው አለ፤ በኪሎ ሲሰላ ከ6.5 እስከ 13 ሚሊግራም። እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን ስልኬን አውጥቼ ማባዛት ጀመርኩ።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊግራም በላይ ኒኮቲን አይይዝም። የመሙያ ጠርሙሱም ከ10 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ 100 ሚሊግራም ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በኪሎ 10 ሚሊግራም ይደርሰዋል። ማየር ባለዘበው ሂሳብ እንኳ ይህ ገዳይ መጠን ውስጥ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ «5 ፐርሰንት» ተብሎ የሚሸጠው በሚሊ ሊትር 50 ሚሊግራም ገደማ ነው። ሲጋራ ልጅን የሚያስጠላ መራራ ነገር ነው። ይኼኛው እንጆሪ እንጆሪ፣ ማንጎ ማንጎ ይሸታል።

በ2013 ኢየሩሳሌም ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ይህን ፈሳሽ ጠጥታ ሞተች። በ2014 ታኅሣሥ (ዲሴምበር) ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ የአንድ ዓመት ልጅ እንዲሁ ሞተ። ከዚህ በኋላ ነው አሜሪካ የፈሳሽ ኒኮቲን ጠርሙስ ልጅ ሊከፍተው በማይችል ክዳን እንዲዘጋ የሚያስገድደውን ሕግ ያወጣችው። ሕጉ በጥር (ጃንዋሪ) 2016 ተፈረመ። ለመድኃኒት ጠርሙስ ከስንት ዘመን በፊት የታሰበው ክዳን ለዚህ እስኪታሰብ ሁለት ልጅ መቀበር ነበረበት፤ ይህ ያበሳጨኛል።

አሁን የመጣው ደግሞ የኒኮቲን ከረጢቱ ነው። ስኑስ ከስዊድን የመጣ በከንፈር ሥር የሚቀመጥ ትምባሆ ነው። አዲሱ ከረጢት ግን ትምባሆ የለውም፤ ነጭ ዱቄት ውስጥ የተቀመጠ ኒኮቲን ነው። ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ተደርድሮ ይሸጣል። ቆርቆሮው የከረሜላ ይመስላል። ከረጢቱ የትንሽ ማስቲካ መጠን አለው፤ ሽታው ሚንት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሚሸጠው ዚን በ3 እና በ6 ሚሊግራም ይመጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በጥር (ጃንዋሪ) 2025 ሃያ የዚን ዓይነቶች በገበያ ላይ እንዲቆዩ ፈቅዷል። አውሮፓ ውስጥ ከዚህ እጅግ የከበደ መጠን ያለውም ይሸጣል። በ2025 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ2020 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ከ6 ዓመት በታች ያሉ የአሜሪካ ልጆች ከረጢት የዋጡበት መጠን 763 ፐርሰንት አድጓል። መነሻው ትንሽ ስለነበር ፐርሰንቱ ይጋነናል፤ ይህን ልብ እንበል። ያም ሆኖ ከ2010 እስከ 2023 እዚያው አሜሪካ በጠቅላላ የተመዘገበው ኒኮቲን የዋጡ ትንንሽ ልጆች ቁጥር 134,663 ነው።

ቨርጂኒያ ያለች የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት ስልኩ ላይ ዝም አለች። ከዚያ «ባሌ ማደያ ነው የሚሠራው፤ ቆርቆሮዋ መኪናው ውስጥ የልጆቹ ወንበር አጠገብ ናት። እኔ ራሴ ማስቲካ መስላኝ አንድ ቀን ልወስድ ነበር» አለች።

እዚህ አገር ሕጉ ጥብቅ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆን፣ ሺሻን፣ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከልክሏል። የሲጋራ ፓኮ ፊትና ጀርባ 70 በመቶ ማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲሆን አዟል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) የያዘ ወጣት ያላየ እጁን ያውጣ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ቀረጥ ሠራተኛ ካላየው ማን ያየዋል? ከዚያ በፊት ግን የእኛው ሱረት አለ። በላስቲክ ተቋጥሮ የአያት መቀነት ውስጥ ወይም ፍራሽ ሥር የሚቀመጥ ደቃቅ ትምባሆ። ሱረት ልጅ ሊልሰው የሚችል ዱቄት ነው፤ በአፍ ውስጥ ባለው ስስ ቆዳም ኒኮቲኑ ቀጥታ ወደ ደም ይገባል። ያኔ ጨጓራም ጉበትም መንገድ ላይ አያገኙትም።

ገጠር ያደገ ሰው ትምባሆ መርዝ መሆኑን ከመጽሐፍ አልተማረም። አልቅት አፍንጫው የገባበት በሬ ሲገኝ የትምባሆ ቅጠል ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ ይፈስበታል። አልቅቱ ይለቃል። ያንኑ ብጥብጥ ጣሳ ውስጥ ደጃፍ ላይ ትቶ መሄድ ግን የተለመደ ነው።

እሺ፣ ልጁ ዋጠ። ምን ይደረግ?

አፉ ውስጥ የሚታየውን አውጡ። የሚታየውን አልኩ፤ ጉሮሮው ድረስ ጣት መስደድ ወደ ባሰው መግፋት ነው። ከረጢት ከሆነ ጉንጩንና ከንፈሩ ሥር ተመልከቱ፤ እዚያ ተለጥፎ እየለቀቀ ሊሆን ይችላል። አፉን በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፣ ንቁ ከሆነ ጥቂት ውሃ ጉምጭ ይበል። ፈሳሽ ቆዳው ወይም ልብሱ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቃችሁ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት። ኒኮቲን በቆዳም ይገባል። አሜሪካ የትምባሆ እርሻ ላይ ጤዛ ያረፈበትን ቅጠል ሲለቅሙ የሚውሉ ሠራተኞች በዚሁ ምክንያት ያስመልሳቸዋል። የሚያጥበው ሰው ራሱም ጓንት ካለው ያድርግ።

ከዚያ ሰዓት እዩ። ማሸጊያውን፣ ጠርሙሱን፣ የተረፈውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ምን፣ ስንት፣ መቼ። እኛ ማሸጊያውን ይዘን ሄደናል፤ ስንት የሚለውን ግን አጎቴና አክስቴ ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ሲከራከሩበት ነበር።

አሁን ወተቱ። ወተት ኒኮቲንን አያረክስም። በእኛ አገር ወተት የማያረክሰው መርዝ ያለ አይመስለንም፤ በረኪና የጠጣም፣ መድኃኒት የበዛበትም ወተት ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ግን ጉዳቱ ሁለት ነው። ሊያስመልሰው ያለ ልጅ ሆዱ ይሞላል፤ ሲያስመልስ ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከዚያ ሁሉ በላይ ወተት ሲፈላና ሲበርድ ጊዜ ይሄዳል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒትም አትስጡ። አሲዱ እኮ ነበር ሲጠብቀው የነበረው።

በጣት ማስመለስ፣ ጨው በውሃ፣ ሳሙና ማጠጣት፣ እነዚህ ሁሉ ይቅሩ። ራሱ ካስመለሰው ጥሩ። እናንተ ካስመለሳችሁት ግን መሐል ላይ ሊንዘፈዘፍ ይችላል፤ ያኔ ትውከቱ የሚሄደው ወደ ሳንባ ነው። ለዚህ ነው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2003 አይፒካክ የተባለውን የማስመለሻ ሽሮፕ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ ያለው። ከተንዘፈዘፈ በጎኑ አስተኙት፣ የሚመታውን ዕቃ ከአጠገቡ አርቁ። ጥርሱ መሐል ማንኪያ አታስገቡ። ክብሪት ጭራችሁ አፍንጫው ሥር አትያዙ።

እና ለቡና ያነደዳችሁትን ከሰል ፈጭታችሁ አትስጡ። ይህን የምጽፈው አንድ ጓደኛዬ ከልቡ ስለጠየቀኝ ነው። ሆስፒታል «ከሰል ይሰጣል» የሚባለው ሌላ ነው። በልዩ መንገድ ተዘጋጅቶ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ጥቁር ዱቄት ነው፤ መርዙን ላዩ ላይ እየለጠፈ ይይዘዋል።

ማን ቤት ይቆይ፣ ማን ይሂድ? ትንሽ ቁራጭ አፉ ውስጥ ተገኝቶበት ምንም ምልክት የሌለው ልጅ ብዙ ጊዜ ቤት ሆኖ ይጠበቃል፤ ይህንንም ባለሙያ ጠይቆ መወሰን ይሻላል። ሙሉ ሲጋራ ወይም ብዙ ቁራጭ ከሆነ ይሂድ። ፈሳሽ፣ ከረጢት፣ ሱረት፣ ሲጋራ ለማቆም የሚወሰድ የኒኮቲን ማስቲካ ወይም ፕላስተር ከሆነ ምልክት ሳትጠብቁ ይሂድ። ደጋግሞ ያስመለሰው፣ የገረጣ፣ ያላበው፣ የፈዘዘ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ትንፋሹ የተለወጠ ልጅ ምንም ይሁን የዋጠው፣ አሁኑኑ ይሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አሜሪካ ያላችሁ የመርዝ መረጃ ማዕከሉን በ1-800-222-1222 ሌሊትም ሆነ ቀን በነፃ ታገኙታላችሁ፤ ራሱን የሳተ ካለ 911። እንግሊዝ 999፣ የቀረው አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998።

የዓረብ አገሮችን ስጠቅስ የምትመጣብኝ የሰው ልጅ የምትጠብቅ እህታችን ናት። ቤቱ ውስጥ ሺሻ አለ፣ ቬፕ አለ፣ ኤምሬትስ ከሆነ ደግሞ ዶኻ የሚባለው ኃይለኛ ትምባሆ አለ። ልጁ ሲውጥ ያየችው እሷ ናት። ብትናገር «አንቺ ምን ትሠሪ ነበር?» ልትባል ነው። ስለዚህ ትደብቃለች፣ ወተት ትሰጣለች፣ ትጸልያለች። ያ የዝምታ ግማሽ ሰዓት ከኒኮቲኑ ሊብስ ይችላል። እህቴ፣ ቁጥሩን አሁኑኑ ስልክሽ ላይ ያዢው።

ሆስፒታል ውስጥ የሚሆነውን እኛ ካየነው ልንገራችሁ። መጀመሪያ «ካርድ አውጡ» ተባልን፤ ወንድሜ ወረፋ ሲይዝ እህቴ ልጁን ይዛ በጎን ገባች። ጥሩ አደረገች። ሲስተሯ ጣቱ ላይ ቀይ መብራት ያላት ነገር ሰካችበት። ትንፋሹን ቆጠረች፣ የልቡን ምት አየች፣ ስኳሩን ለካች። ሐኪሙ መጣ፣ የዓይኑን ብሌን አየ፣ ደረቱን አዳመጠ። «ያስመለሰው ውስጥ ትምባሆ ነበረ?» ብሎ ጠየቀ። ነበረ። «ጥሩ» አለ። አክስቴ «ሆዱ አይታጠብም ወይ?» አለችው።

ይህ የአክስቴ ብቻ ጥያቄ አይደለም። እኛ ዘንድ መርዝ የጠጣ ሰው ሆዱ ካልታጠበ ታከመ አይባልም። ነገር ግን ሆድ ማጠብ ማለት ወፍራም ቱቦ በጉሮሮ ማስገባት ነው፤ ትንሽ ልጅ ላይ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በብዙ መርዝ ዛሬ የሚሠራው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ሲጋራ የዋጠ ልጅ ደግሞ ሆዱን ራሱ አጥቧል።

የሕክምና ከሰሉ የሚሰጠው ልጁ ብዙ መጠን ከዋጠ፣ ከዋጠ አንድ ሰዓት ገደማ ካላለፈው፣ ንቁም ከሆነ ነው፤ በኪሎ 1 ግራም ያህል። የፈዘዘ ልጅ ከሰል አይሰጠውም፣ ሳንባው ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ፈሳሽ ኒኮቲንም በፍጥነት ስለሚገባ ከሰሉ ደርሶ ላይዘው ይችላል።

ከተንዘፈዘፈ ዳያዜፓም ወይም ሌላ የዚያው ወገን መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ልቡ ከዘገየና ለሃጩ ከበዛ አትሮፒን። ይህ ለአገራችን ሐኪም አዲስ አይደለም። የፀረ ተባይ መርዝ የጠጡ ስንቱን በአትሮፒን አትርፏል፤ የኒኮቲኑ መልክ ከዚያ ጋር ይመሳሰላል። አትሮፒን ግን እዚህ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው። ለሃጩንና ልቡን ያስተካክላል፣ የደከመውን ጡንቻ አያነሳውም። ግፊቱ ከወረደ ግሉኮስ የምንለው ፈሳሽ ይሰካለታል፤ አልበቃ ካለ ግፊት የሚያወጣ መድኃኒት ይጨመራል።

ትንፋሹ ከደከመ ነው ዋናው ሥራ። ኦክሲጅን፣ ከዚያ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር ወደ ሳንባ የሚያስገባ ከረጢት)፣ ከዚያ ቱቦና የመተንፈሻ ማሽን። ይህን ሳነብ የቆምኩት እዚህ ላይ ነው። ውድ ማርከሻ ያለው መርዝ ቢሆን ወረዳ ላይ ያለች ጤና ጣቢያ ምንም ማድረግ አትችልም ነበር። ለኒኮቲን ግን አምቡ ባግ የምትጨምቅ አንዲት የማትታክት ነርስ፣ ኒኮቲኑ እስኪወጣ ድረስ ልጁን ልታቆየው ትችላለች። ወደ ሪፈር ሆስፒታል የሚወስደው አምቡላንስ ውስጥም እንደዚሁ።

ለማሙሽ ከዚህ ሁሉ አንዱም አላስፈለገም። ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ሌላ አራት አምስት ሰዓት ቆየን። ሲስተሯ በየግማሽ ሰዓቱ ትመጣለች፣ ጣቱን ትይዛለች፣ ወረቀቱ ላይ ትጽፋለች፣ ትሄዳለች። እናቴ «ይኸው ነው እንግዲህ ሕክምናው» ትላለች፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጁ የሐኪሙን ብዕር ቀምቶ ወደ አፉ ወሰደ። ሐኪሙ ብዕሩን ተቀብሎ «በሉ ግቡ» አለን።

መተርኮሻው አሁን ቡፌው ላይ ነው። አጎቴ ሲመጣ ይወርዳል፣ ሲሄድ ይወጣል። ማሙሽ ባለፈው ሳምንት የቡፌውን መሳቢያ ይዞ ቆመ።